ከቆጥ ሥር እስከ መደብ፦ የዶሮ ኩስንና ጉዝጓዝን ወደ ኮምፖስት መለወጥ

መግቢያ

በኢትዮጵያ ከተሞችና በዳርቻዎቻቸው በጓሮ ዶሮ ማርባት እየተለመደ የመጣ ሥራ ነው። ቢሾፍቱና አካባቢዋ ለረጅም ጊዜ የዘመናዊ ዶሮ እርባታ ማዕከል ሆነው ቆይተዋል። በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም እንቁላልና የዶሮ ሥጋ በየቤቱ እንዲመረት ተጨማሪ ግፊት ፈጥሯል። ዶሮ ባለበት ሁሉ ደግሞ ኩስ አለ። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም የሚደርስ ትኩስ ኩስ ትጥላለች። ስለዚህ 20 ዶሮዎች ባሉበት ቤት በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ወደ 100 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ትኩስ ኩስ ይከማቻል።

ይህ ኩስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዕጣ አንዱ ይደርሰዋል። አንደኛው ከነጉዝጓዙ ተጠርጎ በቦይ ዳር ወይም በባዶ ቦታ መጣል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ትኩስ እንደ ሆነ በጎመንና በሰላጣ መደብ ላይ መበተን ነው። በመጀመሪያው መንገድ ሀብቱ ይባክናል፤ ዝንብና ሽታም ጎረቤትን ያስቸግራል። በሁለተኛው ደግሞ የችግኙ ቅጠል ከጫፉ ይቃጠላል፣ ሥሩ ይጠቁራል፣ ባለቤቱም የዶሮ ፍግ ለአትክልት አይሆንም ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ትክክል አይደለም። የጎደለው በቆጡ ሥርና በመደቡ መካከል ሊኖር የሚገባው የጥቂት ወራት ሥራ ነው።

ጉዳዩን ለኢትዮጵያ ይበልጥ አሳሳቢ የሚያደርገው ሌላ ምክንያት አለ። በብዙ የደጋ አካባቢዎች የከብት እበት ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ስለሚገባ ለማሳ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የዶሮ ኩስ ግን ለማገዶ አይፈለግም። ከምድጃ ጋር ሳይሻማ ወደ አፈር ሊመለስ የሚችል ፍግ በመሆኑ አያያዙን ማወቅ ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ የዶሮ ኩስ ከከብት ፍግ በምን እንደሚለይ፣ ለምን በተለመደው የኮምፖስት አሠራር ብቻ ሊያዝ እንደማይገባ፣ እንዲሁም በአንድ ቤተሰብ አቅም እንዴት ለጓሮ አትክልት ሊውል እንደሚችል ያብራራል።

የዶሮ ኩስ ጠባይ

ከብት ከምግቧ የተረፋትን ናይትሮጂን ብዙውን በሽንት፣ በዩሪያ መልክ ታስወጣለች። ዶሮ ግን ሽንትንና ዓይነ ምድርን ለይታ አታስወጣም። በኩሷ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ክፍል በአብዛኛው ዩሪክ አሲድ ነው፤ ከኩሱ ናይትሮጂን ከፍተኛው ድርሻ የሚገኘውም በዚሁ ውስጥ ነው። ዩሪክ አሲድ ደርቆ ከቆየ የተረጋጋ ነው። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ግን ባክቴሪያዎች በመጀመሪያ ወደ ዩሪያ፣ ቀጥሎም ወደ አሞኒየም ይለውጡታል።

የኩሱ ዋጋ የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ነው። አሞኒየም በውኃ ውስጥ ሟሙቶ የሚቆይና ዕፅዋት በሥራቸው ሊወስዱት የሚችሉት ንጥረ ነገር ነው። አሞኒያ ደግሞ ወደ አየር የሚተን ጋዝ ነው። ሁለቱ አንዱ ወደ ሌላው ሲለዋወጡ ሚዛኑን የሚወስነው በተለይ የኩሱ ፒኤች ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፒኤች 7 ሲሆን በአሞኒያ መልክ የሚገኘው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ ይጠጋል፤ ፒኤች 9 ሲደርስ ግን ከሲሶ በላይ ይሆናል። ሙቀት ሲጨምር ድርሻው ይበልጥ ከፍ ይላል። ዩሪክ አሲድ ሲፈርስ ፒኤቹን ራሱ ከፍ ስለሚያደርግ፣ እርጥብ የዶሮ ኩስ ናይትሮጂኑን በራሱ ጊዜ ወደ አየር የመልቀቅ ዝንባሌ አለው።

ወደ ዶሮ ቤት ሲገቡ ዓይን የሚቆጠቁጠው ሽታ ይኸው አሞኒያ ነው። በቤቱ አየር ውስጥ መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 25 እጅ ሲያልፍ የዶሮዎቹን የመተንፈሻ አካል ይጎዳል። ለአትክልተኛው ደግሞ ሽታው ሌላ ትርጉም አለው፤ ከቤቱ እየወጣ ያለ ማዳበሪያ ነው።

አመድ የማይመከርበት ምክንያት

በኢትዮጵያ የኮምፖስት ትምህርት ለገበሬው የደረሰው በአብዛኛው የከብት እበትን፣ የሰብል ተረፈ ምርትንና አረንጓዴ ቅጠልን መሠረት አድርጎ ነው። በዚህ አሠራር በየንብርብሩ መካከል ጥቂት አመድ መነስነስ የተለመደ ነው። አመድ ፖታሲየም ስላለው፣ አሲዳማነትንም ስለሚቀንስ፣ ቅጠልና ገለባ ለሚበዛበት ክምር ይስማማል።

ትኩስ የዶሮ ኩስ ላይ ሲነሰነስ ግን ውጤቱ ይገለበጣል። አመድ ፒኤችን ከፍ ያደርጋል፤ ፒኤች ከፍ ሲል ከላይ እንደ ተገለጸው አሞኒየሙ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አመድ ወይም ኖራ የተጨመረበት ትኩስ ኩስ ወዲያው ጠንከር ያለ ሽታ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከእርጥብ ኩስ ጋር የተቀላቀለ አመድ ሽታን ያጠፋል ብሎ ማመን ስለዚህ ከጉዳዩ ባሕርይ ጋር ይጋጫል። የምድጃ አመድ ያለው ቤተሰብ ክምሩ በስሎ ካለቀ በኋላ፣ አሲዳማ አፈር ላለው መደብ ለብቻው በጥቂቱ ቢጠቀምበት ይሻላል።

ሽታን በትክክል የሚቀንሰው ነገር ካርቦን ነው። ጭድ፣ ሰጋቱራና ደረቅ ቅጠል እርጥበትን ይመጣሉ፤ ለረቂቅ ተሕዋስያኑም የኃይል ምንጭ ይሆናሉ። ተሕዋስያኑ በካርቦኑ እየተራቡ ሳይሆን እየጠገቡ ሲራቡ አሞኒየሙን ወስደው የራሳቸው አካል ያደርጉታል። በዚህ መልክ የተያዘ ናይትሮጂን አይተንም፤ በቀላሉም በዝናብ አይታጠብም።

የምጥጥኑ ሒሳብ

ኮምፖስት በሚገባ እንዲበስል በመነሻው ድብልቅ ውስጥ የካርቦንና የናይትሮጂን ምጥጥን ከ25 እስከ 30 ለ1 ቢሆን ይመረጣል። ትኩስ የዶሮ ኩስ ምጥጥኑ ወደ 7 ለ1 ብቻ ነው። የስንዴ ጭድ 75 ለ1 አካባቢ ሲሆን፣ የእንጨት ሰጋቱራ ደግሞ ብዙ መቶ ለ1 ይደርሳል። ስለዚህ ኩስ ብቻውን ቢከመር ናይትሮጂን ይተርፈዋል፣ ትርፉም ይተናል፤ ሰጋቱራ ብቻውን ቢከመር ደግሞ ዓመት አልፎም አይበሰብስ ይሆናል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። 100 ኪሎ ግራም ትኩስ ኩስ ቢወሰድ፣ 75 ኪሎ ግራሙ ውኃ፣ 25 ኪሎ ግራሙ ደረቅ ቁስ ነው እንበል። ከደረቁ ቁስ 5 በመቶው ናይትሮጂን፣ 36 በመቶው ካርቦን ቢሆን፣ በውስጡ 1.25 ኪሎ ግራም ናይትሮጂንና 9 ኪሎ ግራም ካርቦን አለ ማለት ነው። ይህ ናይትሮጂን 46 በመቶ ናይትሮጂን ባለው ዩሪያ ቢሰላ 2.7 ኪሎ ግራም ዩሪያ ውስጥ ካለው ጋር ይስተካከላል። ግማሹ በአሞኒያ መልክ ቢተን ቤተሰቡ ከ1.3 ኪሎ ግራም በላይ ዩሪያ ለነፋስ እንደ ሰጠ ይቆጠራል።

በዚህ ኩስ ላይ 80 ኪሎ ግራም ደረቅ የስንዴ ጭድ ቢጨመር፣ ጭዱ 10 በመቶ ውኃ ቢይዝና ከደረቁ ክፍሉ 45 በመቶው ካርቦን፣ 0.6 በመቶው ናይትሮጂን ቢሆን፣ ድብልቁ 41.4 ኪሎ ግራም ካርቦንና 1.68 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን ይኖረዋል። ምጥጥኑ 25 ለ1 ሆነ ማለት ነው። የድብልቁ እርጥበት 46 በመቶ ገደማ ስለሚሆን፣ ወደሚፈለገው 55 በመቶ ለማድረስ 35 ሊትር ያህል ውኃ ይጨመርበታል።

በዚህ ሒሳብ ላይ ሊነሳ የሚችለው ተገቢ ጥያቄ የጭዱ ዋጋ ነው። ጭድ የከብት መኖ ነው፤ 80 ኪሎ ግራም ለክምር መስጠት ለብዙ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ለዚህ ሦስት መልስ አለ። አንደኛ፣ በዶሮ ቤቱ ወለል ላይ ቀድሞ የተነጠፈው ጉዝጓዝ የዚሁ ሒሳብ አካል ነው፤ ከኩሱ ጋር የሚወጣውን ያህል ከሚጨመረው ይቀነሳል። ሁለተኛ፣ ከብት የማይመገበው ነገር፣ ለምሳሌ የወደቀ ደረቅ ቅጠል ወይም በእርጥበት የተበላሸ ጭድ፣ የጭዱን ቦታ በከፊል ይሸፍናል። ሦስተኛ፣ ግማሹ ብቻ ቢገኝ እንኳ ሥራው ከንቱ አይሆንም። 40 ኪሎ ግራም ጭድ ምጥጥኑን ከ7 ወደ 17 ያደርሰዋል። የተወሰነ ናይትሮጂን መተኑ ባይቀርም ጥፋቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሰጋቱራ የሚጠቀም ሰው ሁለት ነገር ልብ ማለት አለበት። የሰጋቱራ ካርቦን ጠንካራና ቀስ ብሎ የሚፈርስ በመሆኑ በወረቀት ላይ የሚሰላው ምጥጥን በክምሩ ውስጥ እንዳለ አይሠራም፤ ስለዚህ ከጭድ ወይም ከቅጠል ጋር ማቀላቀል ይሻላል። በተጨማሪም ከቺፕውድ፣ ከኤምዲኤፍ ወይም በኬሚካል ከታከመ እንጨት የወጣ ሰጋቱራ ሙጫና መድኃኒት ሊኖረው ስለሚችል ለጉዝጓዝም ለክምርም አይመረጥም።

ሥራው ከዶሮ ቤቱ ይጀምራል

ጥሩ ኮምፖስት የሚጀምረው ከጉዝጓዙ ነው። ወለሉ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ጉዝጓዝ ሲነጠፍ ኩሱ ቶሎ ይደርቃል፤ ዩሪክ አሲዱም ሳይፈርስ ይቆያል። ትልቁ ጠላት የሚያፈስ የውኃ መጠጫ ነው። በመጠጫው ዙሪያ የሚረጥበውና እንደ ቂጣ የሚጋገረው ጉዝጓዝ አሞኒያ በብዛት የሚወጣበት ቦታ በመሆኑ በየጊዜው ተነስቶ በደረቅ መተካት አለበት።

በየቀኑ የሚጠረገው ኩስ ወደ ክምሩ በየቀኑ መጨመር የለበትም። ትኩስ ኩስ በበሰለው ላይ በተጨመረ ቁጥር በሽታ አምጪ ተሕዋስያን እንደ ገና ይገባሉ፤ የማብሰያው ጊዜም ከመጀመሪያው ይቆጠራል። የተሻለው አሠራር ኩሱን ከደረቅ ጉዝጓዝ ጋር እያቀላቀሉ ዝናብ በማይደርስበት ጥላ ሥር ማከማቸት፣ በቂ ሲሆን ደግሞ ክምሩን በአንድ ቀን ሠርቶ መዝጋት ነው።

የክምሩ አሠራር

ክምሩ ሙቀቱን ይዞ እንዲቆይ ቢያንስ ወደ 1 ሜትር ኩብ የሚጠጋ መጠን ያስፈልገዋል። ከዚያ ያነሰ ክምር በምሽት ብርድ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቁመቱ ከ1.5 ሜትር ሲያልፍ ደግሞ በራሱ ክብደት ታምቆ አየር ያጣል። ከሥሩ የበቆሎ አገዳ ወይም ቅርንጫፍ ቢነጠፍ አየር ከታች ይገባል። ኩሱንና ጭዱን በየንብርብሩ ከመደርደር ይልቅ በመንሽ አደባልቆ መከመር ይመረጣል፤ ናይትሮጂኑ ከካርቦኑ ጋር የሚገናኘው በመደባለቅ ነውና።

በደረቅ ወራት እርጥበት ለመጠበቅ ሲባል ኮምፖስትን በጉድጓድ መሥራት በብዙ አካባቢ የታወቀ ነው። የዶሮ ኩስ ግን ደቃቅና ብዙ ኦክስጅን የሚፈልግ ስለሆነ በጉድጓድ ውስጥ አየር አጥቶ ሊገማ ይችላል። ከመሬት በላይ ከምሮ በኮባ ቅጠል ወይም በላላ ፕላስቲክ መሸፈን ሁለቱንም ፍላጎት ያሟላል። በክረምት ሽፋኑ ዝናብ እንዳያጥበው ይከላከላል። ከሽፋኑ ሥር ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የቀድሞ ኮምፖስት ቢለብስ ደግሞ የሚወጣውን አሞኒያ መጥጦ ይይዛል።

እርጥበቱ በጓንት በተሸፈነ እጅ ይፈተሻል። ከክምሩ መካከል አንድ እፍኝ ወስዶ ሲጨመቅ በጣቶች መካከል ጠብታ ብቻ ከታየ ተስማሚ ነው። ውኃው ከፈሰሰ ደረቅ ጭድ፣ እፍኙ ከተበተነ ደግሞ ውኃ ይጨመራል። በሥራው ሁሉ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ መጠቀም፣ ከሥራው በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው።

ሙቀት፣ ጊዜና ደኅንነት

የዶሮ ኩስ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተርን የመሳሰሉ ሰውን የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች ሊኖሩት ይችላል። ሰላጣ፣ ቲማቲምና ካሮት ሳይበስሉ የሚበሉ በመሆናቸው በእነሱ መደብ ላይ የሚወድቅ ያልበሰለ ኩስ የቤተሰብ ጤና ጉዳይ ነው። ከአትክልቱ መቃጠል ይልቅ ይህኛው አደጋ ይከብዳል፤ በዓይን አይታይምና።

በትክክል የተሠራ ክምር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ መሠረት በመገላበጥ የሚሠራ ክምር ቢያንስ ለ15 ቀናት ከ55 ዲግሪ በላይ መቆየት፣ በዚያው ጊዜ ውስጥም ቢያንስ 5 ጊዜ መገላበጥ አለበት። መገላበጡ አየር ከማስገባቱ በላይ ሌላ ዓላማ አለው፤ በዳር ያለው ቀዝቃዛ ክፍል ወደ መካከል ገብቶ ሙቀቱን እንዲያገኝ ያደርጋል። ሙቀቱ ከ65 ዲግሪ ሲያልፍ ጠቃሚዎቹ ተሕዋስያንም መጎዳት ስለሚጀምሩ፣ የአሞኒያ ትነቱም ስለሚጨምር፣ ያኔ ገልብጦ ማብረድ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰዎች ሙቀትን የሚለኩት እንጨት ወይም ብረት ክምሩ ውስጥ ሰክተው ሲያወጡት በመዳሰስ ነው። ይህ ዘዴ ክምሩ መሞቁን ያሳያል፤ 55 ዲግሪ መድረሱን ግን አያረጋግጥም። ረጅም ዘንግ ያለው ቴርሞሜትር ማግኘት ካልተቻለ፣ ክምሩን እንዳልበሰለ ፍግ መቁጠር ጥንቃቄ ነው። ያው ደንብ ላልበሰለ ፍግ የሚያስቀምጠው የጊዜ ልዩነት ግልጽ ነው፤ የሚበላው ክፍል አፈር ለሚነካ አትክልት ፍጉ ከምርት መሰብሰቢያው 120 ቀናት፣ አፈር ለማይነካው ደግሞ 90 ቀናት አስቀድሞ ከአፈር ጋር መደባለቅ አለበት። ሰላጣ ከተዘራ በኋላ ባልበሰለ ኩስ ማዳበር ስለዚህ በምንም ሒሳብ አይፈቀድም።

በፈንግል ወይም በሌላ ተላላፊ በሽታ ዶሮዎች ካለቁበት ቤት የወጣ ጉዝጓዝ የተለየ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሳያማክሩ ወደ ክምር መውሰድ፣ ለጎረቤት መስጠት ወይም መሸጥ በሽታውን ወደ ሌላ ቤት ማዛመት ሊሆን ይችላል።

መብሰሉን በፌጦ መፈተን

ክምሩ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከሞቀና ከተገላበጠ በኋላ ሲገለበጥም ዳግመኛ አይሞቅም። ያኔ ግን ሥራው አላለቀም። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሳይነካ መቆየት አለበት፤ የቀረው አሞኒየም ወደ ናይትሬት የሚለወጠውና ለሥር ጎጂ የሆኑ ውሁዶች የሚፈርሱት በዚህ የዕረፍት ጊዜ ነው። የበሰለ ኮምፖስት ጥቁር ቡናማ ነው፤ የአሞኒያ ሳይሆን የአፈር ጠረን አለው፤ ጭዱና ኩሱም አይለዩም።

ዓይንና አፍንጫ ግን ሊሳሳቱ ይችላሉ። አስተማማኙ ምስክር ዘር ነው። በኮምፖስት ምርምር መርዛማነትን ለመለካት በሰፊው የሚያገለግለው ዘር ደግሞ በኢትዮጵያ ቤት ሁሉ የሚታወቀው ፌጦ ነው። ፌጦ በአንድና በሁለት ቀን ስለሚበቅል፣ ለአሞኒያና ለጨውም ስስ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ሆኗል። በቤተ ሙከራ ዘሩ በኮምፖስት ጭማቂ ላይ ይበቅልና የበቀለው ዘር ብዛትና የሥሩ ርዝመት በንጹሕ ውኃ ላይ ከበቀለው ጋር ይነጻጸራል፤ ውጤቱ ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ ኮምፖስቱ ለዕፅዋት ጎጂ አይደለም ተብሎ ይወሰዳል።

በቤት ውስጥም ተመሳሳዩን ማድረግ ይቻላል። በአንድ ሳህን የጓሮ አፈር፣ በሌላው ደግሞ እኩል የተደባለቀ አፈርና ኮምፖስት ተደርጎ በእያንዳንዱ 20 የፌጦ ዘር ይዘራል። ሁለቱም እኩል ውኃ ይጠጣሉ። በአምስተኛው ቀን በኮምፖስቱ ላይ የበቀለው ጥቂት ከሆነ፣ ወይም ቡቃያው ከጠወለገ፣ ክምሩ ተጨማሪ ሳምንታት ይቆያል። ለአንድ ሙሉ መደብ ችግኝ ከመክፈል በአንድ እፍኝ ፌጦ ማወቅ ይቀላል።

ወደ መደቡ

ቀደም ሲል በምሳሌው የተሰላው ክምር በብስለቱ ወቅት ከደረቅ ቁሱ ግማሽ ያህሉን ቢያጣ፣ 40 በመቶ እርጥበት ያለው 80 ኪሎ ግራም ገደማ ኮምፖስት ይሰጣል። በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ግራም ቢሰላ 40 ካሬ ሜትር ጓሮ ይሸፍናል። ኮምፖስቱ ከላይኛው 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር ተደባልቆ ውኃ ይጠጣል። ለችግኝ ማፍያ ሲውል ከድብልቁ ሩብ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የዶሮ ኮምፖስት ከበሰለም በኋላ ጨው ሊበዛበት ስለሚችል ነው።

ከዚህ ኮምፖስት እንደ ዩሪያ ፈጣን ውጤት መጠበቅ አይገባም። ናይትሮጂኑ በተሕዋስያን አካልና በብስባሽ ውስጥ የተያዘ በመሆኑ በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀቀው ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው በሚቀጥሉት ወቅቶች ይደርሳል። ፎስፈረስ ግን አይተንም። ስለዚህ የናይትሮጂንን ፍላጎት በዚህ ኮምፖስት ብቻ ለማሟላት ተብሎ በየዓመቱ በአንድ መደብ ላይ ከተደራረበ ፎስፈረስ ከሚገባው በላይ ይከማቻል። መደቦችን ማፈራረቅና በመካከሉ እንደ ባቄላ ያሉ ጥራጥሬዎችን መዝራት ሚዛኑን ለመጠበቅ ይረዳል።

የሥራውን ጊዜ ከወቅቱ ጋር ማስማማትም ይቻላል። የመኸር ሰብል ተወቅቶ ጭድ በብዛት በሚገኝበት በጥር የተከመረ ክምር፣ ሦስትና አራት ወር ቆይቶ በግንቦት፣ የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ለመደብ ይደርሳል።

ማጠቃለያ

የዶሮ ኩስ ችግሩም ጥቅሙም ከአንድ ምንጭ ይመነጫል፤ እሱም ቶሎ የሚፈርስ ብዙ ናይትሮጂን መያዙ ነው። በቂ ካርቦን፣ ልከኛ እርጥበት፣ አየርና ጊዜ ሲያገኝ ይህ ናይትሮጂን በአፈር ውስጥ የሚቆይ ሀብት ይሆናል። ሳያገኝ ሲቀር ችግኝ ያቃጥላል፣ ሰው ያሳምማል፣ ወይም ሽታ ሆኖ ይጠፋል። ለከብት እበት የተዘጋጀው መመሪያ በአመዱና በጉድጓዱ ለዶሮ ኩስ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። በጓሮ ዶሮ ማርባትን የሚያስተምር ሁሉ ስለ መኖውና ስለ ክትባቱ ሲናገር፣ ከቆጡ ሥር ስለሚጠረገውም አብሮ ሊያስተምር ይገባዋል።